በፈንታው ስም

ቆቦ ገበያ ዳር ያለው የፈሪድ ኳስ ማሳያ ቤት ለሴቶች ጨዋታ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። የናይጄሪያ፣ የሞሮኮና የደቡብ አፍሪካ ሴቶች በዓለም ዋንጫ ከምድባቸው ካለፉ ወዲህ ወጣቱ ስማቸውን እንደ ወንዶቹ ስም መጥራት ጀምሯል። ዛሬ በሚታየው የማጣሪያ ጨዋታ ደግሞ የራያ ልጅ አለችበት። በኢትዮጵያ ሴቶች ቡድን ውስጥ ተከላካይ ሆና የምትጫወተው ሚልካ ፈንታው።

እህል ነጋዴው ገብሩ ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሚልካ የአብራኩ ክፋይ ናት። ይህን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች አያነሡበትም፤ ወጣቶቹ ደግሞ አያውቁም። በሚኖርባት ጎብዬ ከተማ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፈንታውም ጨዋታውን ሊያይ ቆቦ ድረስ መጥቶ ከፊት ወንበር ላይ ነበር። ፈንታው የገብሩ ሟች ሚስት ወንድም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚልካ ልጅ ሳለች ከወንዶች ጋር ኳስ ስትጫወት ያየ አንድ ደንበኛ፣ «ገብሩ፣ ይቺን ሱሪ አልብሰህ ልትድራት ነው?» ብሎ ሳቀበት። ገብሩ ከመደብሩ ወጣና ማሽላ ሊሸጥ በመጣው ገበሬ ሁሉ ፊት፣ «ከዛሬ ወዲያ ኳስ የምትነኪ ከሆነ በእኔ ስም እንዳትጠሪ» አላት። ልጅቷ ጎብዬ አጎቷ ዘንድ ሄደች። ፈንታውም ትምህርት ቤት ሲያስገባት በራሱ ስም አስመዘገባት። ገብሩ ሽማግሌ ልኮ ሊያስመልሳት አስቦ ነበር። ግን ገበያ መሐል የተናገረውን ቃል ማጠፍ አሳፈረውና ዛሬ ነገ ሲል ልጅቷ አደገች።

«የእኛዋ ያቺ ናት?» አለ አንድ ባጃጅ ነጂ።

«እሷ ናት። አጥቂዋን አየሃት? መተንፈሻ አሳጥታታለች።»

«አንተን ብትይዝህ ዋጃ ድረስ አትለቅህም።»

ሳቁ። ጋዜጠኛው «ሚልካ ፈንታው» ባለ ቁጥር ገብሩ አንገቱ ወደ ትከሻው ይገባል። ስሙን የነጠቀው ሰው የለም፤ ራሱ ነው የከለከላት።

ከእረፍት በኋላ ሚልካ ኳስ በግንባሯ ልታወጣ ስትዘል ከአጥቂዋ ጋር ተጋጭታ ወደቀች። ደሟ በቅንድቧ ላይ ሲወርድ ታየ።

ገብሩ ሳያውቀው ብድግ ብሏል። «ልጄን» ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ጋረዱን እኮ» አለው በሩ ላይ የቆመ ወጣት።

ተቀመጠ። ከፊት ያሉት ግን ፈንታውን ከበው ትከሻውን ያዙት። «አይዞህ፣ የአንተ ልጅ ብርቱ ናት፤ ትነሣለች።»

ተነሣች። ራሷን በፋሻ አስጠምጥማ ተመለሰች፤ በዚያው በቆሰለ ግንባሯ ኳሱን እየመለሰች እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተከላከለች። ቡድኑ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፈ።

ፈሪድ ለፈንታው ለስላሳ ከፈተለት። ሰው እየተጠጋ ትከሻውን ይስመው፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ይለው ጀመር። በጎረቤት ደስታ ዝም ያለ ምቀኛ ይባላል። ስለዚህ ገብሩም ተራውን ጠብቆ ቀረበ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ፈንታው።»

ፈንታው አቀረቀረ። «ኧረ ተው ገብሩ። ይህ ላንተ የሚባል ነው።»

«እኔማ በገዛ አፌ አጣሁት።»

ፈንታው ትንሽ ካመነታ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ለሚልካ ደወለና ገብሩ እጁ ላይ አኖረለት።

«አባዬ፣ አየኸኝ?» አለች ሚልካ እየሳቀች።

ገብሩ ዝም ለማለት ቃጣው። «አባዬ» ያለችው እሱን እንዳልሆነ ያውቃል። ዝም ካለ ግን ደግማ ልትለው ትችላለች። ይህን በማሰቡ አፈረ።

«ገብሩ ነኝ» አለ።

ሳቋ ተቋረጠ። ከወዲያ የጓደኞቿ ዘፈን ይሰማል።

«ደህና ነዎት?» አለችው። ልጅ ሳለች «አንተ» ነበር የምትለው።

«ደህና ነኝ። ቁስልሽስ?»

«ተሰፋ። ደህና ነው።»

«ስትመለሺ ጎብዬ መጥቼ ልይሽ?»

«አዲስ ቤት ነው የገባነው። አያውቁትም።»

«ጠይቄ እደርሳለሁ።»

«የማንን ቤት ብለው?»

ገብሩ ቀና ሲል ሰው ሁሉ ያየዋል። የሚያውቁትም የማያውቁትም ይሰሙታል።

«የኳስ ተጫዋቿን፣ የፈንታውን ልጅ ቤት ብዬ» አለ።

«አይጠይቁ» አለች ሚልካ። «መናኸሪያ መጥቼ እቀበልዎታለሁ።»

ገብሩ ስልኩን ለፈንታው መለሰና የማንንም ዓይን ሳያይ በሩን ፈልጎ ወጣ።