የአንጾኪያው ሰው ዝም ሲል

ጥዑመልሳን ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍልኝ ስንቴ ነዘነዝኩት!

ጥዑመልሳን ጽፎት በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ያሳየነው ቴያትር ስለ ጥንቷ አንጾኪያ ነበር። የከተማዋ ዝነኛ ተናጋሪ ሮማዊው ቄሣር ፊት ይቆማል፤ ሕዝቡ መራቡን ሊናገር አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋል። እኔ ሚስቱን ሆኜ እሠራ ነበር። አንጾኪያ ስንል የቱን አገር እንደምንል ተመልካቹ አሳምሮ ያውቃል፤ ተናጋሪው ዝም ባለ ቁጥር አዳራሹ በሳል ይናወጣል። ማጨብጨብ ያስጠይቃል፤ ሳልክ ተብሎ የታሰረ ሰው ግን አልሰማሁም። እንዴት ደስ ይል ነበር! እንደዚያ ያለ ተመልካች ዳግመኛ አላየሁም።

ሁላችንም፣ ሳንሱር ሳይደርስበት ጥዑመልሳን ራሱ የቆረጠው የተናጋሪው ዐረፍተ ነገር አለ ብለን እናምን ነበር። በዘጠና ስድስት፣ በስደት አሜሪካ፣ ዳላስ ላይ፣ ቴያትሩን ለዘመን መለወጫ ልንደግመው ስንነሳ፣ «በል አሁን መልሰው» አልኩት። ዳላስ ጥግ፣ አዲሰን የምትባል ከተማ ውስጥ፣ የሚነዳውን ታክሲ ፓርክ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«የሚመለስ የለም፣ ትርንጎ። አልጻፍኩትማ! ገና ሳላስበው ፈራሁት።»

«ሶ አሁን ጻፈዋ! እዚህ ማን ይነካሃል?»

«እሱ ነው ያቃተኝ። እዚያች ቦታ ስደርስ እጄ ይቆማል። ማለቴ፣ የሚከለክለኝ ሰው ቢኖር እኮ እሱን እረግም ነበር።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን አንጀቴን በላው። እስከ መጨረሻው ሳምንት ሲጽፍ ሲቀድ ከረመ፤ ቦታዋ ባዶ ቀረች።

እዚያው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ የተከራየነው አዳራሽ ሞላ። የሚስትየዋን ቦታ ለወጣቷ ተዋናይ ለሳሮን ሰጥቼ፣ ከጥዑመልሳን ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነው ይርጉ ተናጋሪውን ሆኖ ቄሣሩ ፊት ቀረበ። አፉን ከፈተ። ዘጋ።

የተመልካቹን ሳል ጠበቅን። አዳራሹ ጭጭ አለ።

«ማይኩ ጠፍቷል!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ። «ቼክ አድርጉት እንጂ!»

ሰዉ ሳቀ፤ ሽቦውን ሊያይ የሮጠም ነበር። ምን ያድርጉ፣ ሰው ፈርቶ ዝም የሚልበት አገር አይደለማ። እሰየው ነው፤ እኔን ግን እንባ እንባ አለኝ።

ጥዑመልሳን በጨለማው ውስጥ ክንዴን ያዘ። ከዚያ እንደ ድሮው ተመልካቻችን ሳለ፤ አንዴ፣ ቀስ ብሎ።

እኔም ሳልኩለት።