የአርለን ድምፅ

አርለን ቶለፍሰን ረቡዕ ሞተ፤ ቅዳሜ ቀበርነው፤ ማክሰኞ ምርጫ ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሳምንት ዕድሜ ቢጨመርለት ኖሮ እኔም የማወራው ነገር አይኖረኝም፣ ሚስቱ ቨርናም እስከ ዛሬ ድረስ ሮይስ ኬትነርን መንገድ ላይ ስታይ ፊቷን አታዞርም ነበር።

እኔና ቨርና በዚህ በዊስኮንሲን ገጠር ጎረቤት ሆነን ልጆች አሳድገናል። ምርጫ በመጣ ቁጥር በመንደሩ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠን እናስፈጽማለን። ሦስት ነን፤ እሷ፣ እኔና ላም አላቢው ሽማግሌ ኤልሮይ። የበላያችን የመንደሩ ጸሐፊ ግዌን ናት፤ ከሁላችንም በዕድሜ የምታንስ፣ ሕግ ስታነብ ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት።

የዚያ ምርጫ ዋናው ጉዳይ ትምህርት ቤታችን ነበር። ግብር ተጨምሮ ይቀጥል፣ ወይስ ይዘጋና ልጆቹ በአውቶቡስ ሌላ ከተማ ይመላለሱ? ወንድማማቾች ተኳረፉበት። ሮይስ ኬትነር የአርለን የአጥር ጎረቤት ነው፤ መሬቱ ዓይን እስኪታክተው የሚሄድ ገበሬ። «ግብር ይብቃ!» የሚል ሰሌዳ በየመንገዱ ዳር የተከለው እሱ ነው። አርለን ደግሞ በወጣትነቱ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ዕድሜውን በሙሉ የወተት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ሲጠየቅ፣ «ማክሰኞ ሲደርስ አስብበታለሁ» እያለ ሁሉንም ያናድድ ነበር።

ሳንባው ታሞ አልጋ ላይ ስለዋለ የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ እቤቱ ድረስ መጣለት። ደንቡ ቀላል ነው። ወረቀቱን ምስክር ባለበት ትሞላለህ፣ ፖስታው ውስጥ ከትተህ ታሽጋለህ፣ ትፈርማለህ፤ ምስክሩም ይፈርምና አድራሻውን ይጽፋል። ምስክሩ ቨርና ነበረች።

እንደነገረችኝ፣ ትራስ ደራርባ ቀና አድርጋ ካስቀመጠችው በኋላ ብዕሩን ያዘና፣

«በይ ወደ መስኮቱ ዙሪ» አላት።

«ለምን?»

«ድምፅ ምስጢር ነው። መሙላቴን መስክሪ አሉሽ እንጂ ምን እንደምሞላ እዪ አላሉሽም። አስፈጻሚ አይደለሽም እንዴ? ሕጉን እኔ ላስተምርሽ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ የውስጥ ሱሪህን ሳጥብ ኖሬ ዛሬ ምስጢር አለኝ ትለኛለህ?»

«የውስጥ ሱሪዬን ሕገ መንግሥቱ አያውቀውም። ዙሪ።»

እየሳቀች ዞረች። ከደጅ በረዶው እየቀለጠ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፤ ከኋላዋ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ትሰማለች። ያቺን ትንሽ ወረቀት ለመሙላት ብዙ ቆየ። በመሀል ብዕሩ ከእጁ ወደቀና ልታነሳለት ስትል «እንዳትዞሪ!» ብሎ ጮኸባት፤ ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሳው። ሙጫውን የሚያረጥብበት ምራቅ አጥቶ ጣቱን ውሃ ውስጥ እየነከረ አሸገው። ከዚያ ፈረመ። እሷም ፈረመች፣ አድራሻዋን ጻፈች፣ መንገድ ዳር ያለው የፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ከተተችው። ፖስታው ለግዌን ደረሳት፤ እሷም ቆለፈችበት። በኛ ግዛት ከምርጫው ቀን በፊት እንዲህ ያለ ፖስታ አይከፈትም።

አርለን የሞተው እዚያ ተቆልፎ ሳለ ነው።

በቀብሩ ቀን ቨርና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ የሕይወት ታሪኩ የታተመበትን ወረቀት ለመጣው ሰው ሁሉ በእጇ ሰጠች። የፊት ገጹ ላይ ባለው ፎቶ አርለን የወተት መኪናውን ተደግፎ ይስቃል። ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ሮይስ ነበር። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና ድንች ቀርቦ ነበር፤ ሮይስ ሁለቴ አንስቶ በላ። ይህን የማነሳው ሆዳም ነው ለማለት አይደለም። ሐዘን ቤት የበላ አፍ ምን ሊናገር እንደሚችል እንድታውቁት ነው።

ሰኞ ዕለት ግዌን ለቨርና ደወለችላት። «እትዬ ቨርና፣ ነገ ይቅርብዎት። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ቤት ተቀምጬ ምን ልሥራ? ባዶ አልጋ ልጠብቅ?» አለቻት፤ ማክሰኞ ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ አዳራሹ ደረሰች።

ከምሳ በኋላ መራጩ ሲቀንስልን በፖስታ የመጡትን መክፈት ጀመርን። ሥራው ይታወቃል። ኤልሮይ ስሙንና አድራሻውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ እኔ የመራጩንም የምስክሩንም ፊርማ አያለሁ፤ ቨርና መዝገቡ ላይ ቁጥር ትሰጣለች። እንከን ከሌለው ይከፈታል፣ ወረቀቱ ሳይታይ ኮሮጆው ውስጥ ይገባል። ታዛቢዎች ወለሉ ላይ ከተለጠፈው መስመር ወዲያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የዚያን ዕለት የግብር ተቃዋሚዎቹ ታዛቢ ሮይስ ነበር።

የአርለን ፖስታ ክምሩ ውስጥ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ማናችንም አላነሳነውም። ሕጉ፣ መራጩ ከምርጫው ቀን በፊት መሞቱ በማስረጃ ከተረጋገጠ ድምፁ አይቆጠርም ይላል። ማስረጃ አምጡ ብሎ የጠየቀን የለም፤ እኛም አንጠይቅም። እንዲሁ ዝም ብሎ የሚያልፍ መስሎን ነበር።

ኤልሮይ ፖስታውን አነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «አርለን ቶለፍሰን» አለ። አድራሻውንም አነበበ።

የቨርና ብዕር መዝገቡ ላይ እንደተደቀነ ቀረ።

«ተቃውሞ አለኝ» አለ ሮይስ። ቆሟል፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞታል።

«ተቀመጥ ሮይስ» አልኩት።

«መብቴ ነው ማርላ። መራጩ በሕይወት የለም። ሕጉ ግልጽ ነው።»

ግዌን ቀላች። «ተቃውሞ ካለህ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እንዲሁ በአፍ...»

«አለኝ።»

እጁን ደረት ኪሱ ከተተና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዘረጋው። አርለን የወተት መኪናውን ተደግፎ ይስቃል፤ ከሥሩ የተወለደበትና የሞተበት ቀን በደማቁ ተጽፏል።

ቨርና ቀስ ብላ ተነሣች፣ ጠረጴዛውን ዞራ መስመሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ወረቀቱን አየችው፣ እሱን አየችው።

«ይሄንን እኔ ነኝ የሰጠሁህ» አለችው። «ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ። እጄን ጨብጠህ 'እግዚአብሔር ያጽናሽ' ብለኸኝ፣ እኔም አመሰግናለሁ ብዬህ፣ በዚህ እጄ ነው የሰጠሁህ።»

«ቨርና፣ አርለንን እወደው ነበር። ይሄ ከሱ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ሕግ ከተጣሰ...»

«ኪስህ ስትከተው ያኔውኑ አስበኸው ነበር? ወይስ ሳንድዊቹን ስትጎርስ ነው የመጣልህ?»

«እንዲህ አትናገሪኝ።»

«ሳጥኑን ስትሸከምስ? ከበደህ? 'አንድ ድምፅ ተሸክሜ ልቅበር' ብለህ ነው የገባህበት?»

«እትዬ ቨርና፣ እባክዎ» አለች ግዌን።

«ዝም በይ አንቺ! ጨርሻለሁ መሰለሽ?» ወደ ሮይስ ተመለሰች። «ለመሆኑ እንዴት እንደመረጠ በምን አወቅህ?»

ሮይስ ትከሻውን ነቀነቀ። «አርለንን አውቀዋለሁ። የልጅ ልጆቹ እዚያ ትምህርት ቤት ይማራሉ።»

«እኔ አብሬው ተኝቼ ስነሣ የኖርኩት አላውቅም፣ አንተ በአጥር አጮልቀህ ታውቃለህ? ግብር ሲባል እንዴት ደሙ እንደሚፈላ ረሳኸው? ያንተን ድምፅ ይሆናል እኮ የጣልከው፣ ደንቆሮ!»

ሮይስ ይህንን ፈጽሞ አላሰበውም ነበር፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ግን ተቃውሞውን አልተወም። ኩራት ክፉ ነው፤ ተቀመጠና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

ግዌን ሕጉን አነበበች። ኤልሮይ፣ «ሌሎች ግዛቶች እኮ ይቆጥሩታል ይባላል» አለ።

«እዚህ አይቆጠርም፣ ጋሽ ኤልሮይ።»

«ሰውየው ሲሞላው በሕይወት ነበር! ሙታን ብዕር አይዙም!»

«አውቃለሁ። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም» አለች ግዌን፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ቨርና ባለጉዳይ ስለሆነች መወሰን የነበረብን ኤልሮይና እኔ ነን። የተጻፈው ተጽፏል፣ ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ዛሬ ሕጉን ራሳችን ካፈረስን ነገ ማንን አክብር እንለዋለን? እጄን አነሣሁ። ኤልሮይም እየተሳደበ አነሣ። ፖስታው ሳይከፈት ውድቅ ሆነ።

ውድቅ የሆነ ፖስታ ላይ ምክንያቱ ይጻፋል። ብዕሬን ሳነሣ ቨርና ከእጄ ቀማችኝ።

«ባሌ ላይ 'ሞቷል' ብሎ ሌላ ሰው አይጽፍም» አለች። ቁጭ ብላ ጻፈችው፤ ረግጣ ስለጻፈችው ወረቀቱ ሊቀደድ ነበር። ከዚያ ብዕሯን ይዛ ወደ መዝገቧ ተመለሰች። «ቀጣዩን አንብብ እንጂ ኤልሮይ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

አመሻሹ ላይ ሮይስ ራሱ ሊመርጥ ተሰለፈ። ወደ ሌላ ሰልፍ መቀየር አይችልም፤ የኛ ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው። ቨርና ፊት ቆመ።

«ስምና አድራሻ» አለችው ቀና ሳትል።

«ቨርና...»

«ስምና አድራሻ። ጮክ ብለህ፤ ሕጉ ግልጽ ነው።»

ተናገረ።

«አልሰማሁም።»

ደገመው። ከኋላው ያሉት ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ።

«መታወቂያ።»

«መታወቂያዬ መኪናው ውስጥ ነው። የኔን ማንነት ልትጠይቂኝ ነው?»

«አንተን አላውቅህም» አለችው፤ አሁን ቀና ብላ ዓይኑን እያየች። «ሮይስ ኬትነር የሚባል ጎረቤት ነበረኝ። አንተ እሱ መሆንህን በማስረጃ አሳየኝ።»

በጭቃው ውስጥ እስከ መኪናው ሄዶ አመጣ። ፎቶውንና ፊቱን እያፈራረቀች አየች፣ ቁጥር ሰጠችው፣ ወረቀቱን ሰጠችው። አንዲት ደንብ አላጎደለችም፤ አንዲትም አልጨመረችም።

ትምህርት ቤቱ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ስንቆጥር ከታዛቢዎቹ አንዱ፣ ደግ ሰው ነው፣ ሊያጽናናት ብሎ፣ «እንግዲህ ቨርና፣ የአርለን ድምፅ ቢገባም ባይገባም ምንም አይለውጥም ነበር» አላት።

«እንደማይለውጥ ቆጥሬ አውቄያለሁ» አለችው። «ይቆጠር አልኩ እንጂ ያሸንፍ መቼ አልኩ? ትንፋሽ አጥሮት የሞላው ነው። አንተ ለመምረጥ የወጣብህ ቤንዚን ብቻ ነው።» ሰውየው አፍሮ ኮቱን ፍለጋ ሄደ።

በማግስቱ ቤቴ መጣች። ኮቷን እንኳን አላወለቀችም።

«እጅሽን አነሣሽ» አለችኝ።

«ሕጉ ነው ቨርና።»

«ሕጉ መሆኑን ካንቺ እኩል አውቃለሁ። አንቺ ቦታ ብሆን እኔም አነሣ ነበር። ግን ተናድጄብሻለሁ፤ እንድታውቂው ነው የመጣሁት።»

«እስከ መቼ?»

«ሲለቀኝ እነግርሻለሁ።»

ሳይለቃት ብዙ ቆየ። በዚያው በጋ ግን ወደ ማዲሰን፣ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። የምርጫ ሕግ ስለማሻሻል የሕዝብ አስተያየት ይሰማል ተብሎ ነበር። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጊዜ አጭር ነው። ቨርና ወረቀት አላነበበችም። «ባሌ በሕይወት ሳለ መረጠ፣ እናንተ ቁም ሳጥን ውስጥ ዘግታችሁ ሞቱን ጠበቃችሁት» አለች። «ግብሩን ሲከፍል አልጠበቃችሁትም። ጦር ሜዳ ስትልኩት አልጠበቃችሁትም። የሰው ቃል ከተናገረ በኋላ ሰውየው ስለሞተ ውሸት ይሆናል?» ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ስልኩን ይነካካል። «አንተን ነው፣ ባለ ስልኩ!» አለችው፤ ስልኩ ከእጁ አመለጠው። አመስግነው አስወጡን። ሕጉ ዛሬም እንዳለ ነው።

ስንመለስ መንገዱን አጋመስን። ከዚያ፣ «ርቦኛል፤ የሆነ ቦታ አቁሚ» አለችኝ። የተጠበሰ አይብ የሚሸጥበት ቤት ገብተን በላን፤ የኔንም እሷ ከፈለች። ይቅርታዋ ይህ ነበር።

ለሮይስ ግን ይቅርታ አልነበራትም። በመከር ወቅት፣ ብርዱ ሳይገባ፣ ሮይስ አንድ መኪና ሙሉ የተፈለጠ የኦክ ማገዶ አምጥቶ ቤቷ በሌለችበት በረንዳዋ ሥር ደርድሮላት ሄደ። አርለን ከሞተ ማገዶ የሚፈልጥላት አልነበረም፤ ጥሩ እንጨትም ነበር፣ ደረቅ። እኔ ስደርስ ቨርና የአርለንን ጓንት አጥልቃ አሮጌው ፒካፕ ላይ መልሳ እየጫነች አገኘኋት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወገብሽን ትቆርጪዋለሽ! ሰውየው እኮ መታረቅ ፈልጎ ነው።»

«መታረቅ የፈለገ በር ያንኳኳል። ሌባ ይመስል ሰው በሌለበት አይገባም።»

«ክረምቱስ?»

«ገዝቼ አነድዳለሁ። ቆመሽ ከምትሰብኪኝ ያንን ጫፍ ያዢ።»

ያዝኩላት። ሮይስ ግቢ ወስደን በሩ ፊት ለፊት፣ መኪናው በሚወጣበት መንገድ ላይ፣ አንድ በአንድ ወረወርነው። እሱ በመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ቆሞ ያየን ነበር። አልወጣም። የመጨረሻውን ጉማጅ ቨርና ወረወረችና ጓንቱን አራገፈች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ታለከልካለች።

«ንጂ በይ» አለችኝ። «በርዶኛል።»