ለአንድ ሰው የተቃና ጠመንጃ

ግራዝማች ባልቻ ዒላማ ሲስቱ ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ አያውቅም። አንዴ የነፋሱ ነው፣ አንዴ የፀሐዩ፣ አንዴ ደግሞ ከኋላቸው ያስነጠሰ ሰው ይገኛል። በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት የዘውድ በዓል ዕለት ግን ነፋስም የለ፣ ፀሐዩም ደመና ውስጥ ነው፣ ያስነጠሰም አልተገኘ፤ ስለዚህ ጥፋቱ ወደ ጠመንጃው ዞረ። ሦስት ጊዜ ተኩሰው ሦስቴም ለዒላማ የቆመው እንቁላል እንደተቀመጠ ቀረ። ይህ የሆነው የቡታጅራ ሰው በሙሉ እያየ፣ ከአውራጃ የመጡ እንግዶችም ወንበር ተሰጥቷቸው እየተመለከቱ ነው። ሳቃችንን ቤታችን እስክንገባ ይዘን ቆየን።

ጠመንጃ ስል ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአየር ጠመንጃ ነው፤ ከመርካቶ የተገዛ ርካሽ ዕቃ፣ አፈሙዙ ወደ ታች ታጥፎ የሚጎርስ፣ የሽንብራ ግማሽ የምታህል እርሳስ የሚተፋ። ግራዝማች ግን ትከሻቸው ላይ ሲያነግቱት ጦር ሜዳ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። በዓሉ በእሳቸው ተኩስ ካልተከፈተ አይከፈትም። ማን እንደዚያ እንደደነገገ አላውቅም፤ ራሳቸው መሆናቸውን ግን እጠረጥራለሁ።

እኔ ሙስተፋ እባላለሁ፤ ሥራዬ የልብስ ስፌት መኪና ጥገና ነው። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። በእኛ ከተማ ግን ካቻቢቴና ሊማ ያለው ሰው የሁሉም ነገር ሐኪም ነው። ሬዲዮ ያመጡልኛል፣ ፋኖስ ያመጡልኛል፣ አንድ ሰውማ ጥርሱን ይዞ መጥቶ ብረት የምጨምቅበትን ሞርሳ ሲያይ ነው ሐሳቡን የለወጠው።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ የግራዝማች ወኪል ዱባለ ጠመንጃውን በነጠላ ጠቅልሎ ሱቄ መጣ።

«ግራዝማች ‹ይቃናልኝ› ብለዋል» አለኝ። «ለዘውድ በዓል እንዲደርስ።»

«ዱባለ፣ እኔ እኮ የስፌት መኪና ነው የማውቀው።»

«አባትህ ሸምሶ አይደለም እንዴ?»

ነው። አባቴ ሸምሶ በእንሴኖ መንገድ በግራዝማች መሬት ላይ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ያመረተ ጭሰኛ ነው። በዚያ ዓመት ግራዝማች መሬቱን ከአዲስ አበባ ለመጣ ባለ ትራክተር ሊሰጡ ተስማምተው ጭሰኞቹን በሙሉ በርበሬው እንደተለቀመ ልቀቁ ብለዋቸዋል። አባቴ ይህን ከሰማ ጀምሮ እህል አይረጋለትም ነበር።

«ጠመንጃው ከመታ» አለ ዱባለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባትህ ባለበት ይቀመጣል። የግራዝማች ቃል ነው።»

ጠመንጃውን ተቀበልኩ።

ማታውኑ ቤቴ ወስጄ ብፈታው ምን እንደሸተተኝ ታውቃላችሁ? ክትፎ! ለካ ዱባለ እንዳይዝግ ብሎ ንጥር ቅቤ አጠጥቶታል፣ ያውም ከነኮረሪማው። ሲተኮስ ቅቤው ውስጥ ለውስጥ ይቃጠልና ይጨሳል፤ ድምፁም እንደ እውነተኛ ጠመንጃ ይጮኻል። ዱባለ በዚህ ይኮራ ነበር። እርሳሷ ግን ቅቤው እንደተቃጠለ መጠን አንዷ ትፈጥናለች፣ አንዷ ትዘገያለች፤ ስለዚህ አንዷ ከሌላዋ ጋር አንድ ቦታ አታርፍም።

ቅቤውን በፈላ ውሃና በሳሙና አወጣሁት። እርሳሷን የሚገፋውን የውስጡን ሞላ አድርቄ የስፌት መኪና ዘይት በጣቴ ጫፍ ብቻ ቀባሁት። አፈሙዙን በገመድ በተሳበ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። የሰደፉ ብሎኖች ላልተው በየተኩሱ ሰደፉ ይወዛወዝ ነበር፤ ከሥራቸው ቁራጭ ቆዳ አስገብቼ አጠበቅኳቸው። እርሳሶቹን ደግሞ አንድ በአንድ በመስተዋት ላይ አንከባለልኳቸውና እየተንገዳገደ የሄደውን ሁሉ ጣልኩ። ከግማሽ በላይ ተጣለ።

ከዚያ ጓሮ ወጥቼ አንድ የእንሰት ግንድ ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ ጠመንጃውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አሳርፌ፣ ከሃያ እርምጃ መተኮስ ጀመርኩ። ጥርሴን ነክሼ ጨምድጄ ስይዘው ይዘላል፤ ለቀቅ አድርጌ ስይዘው ይሰክናል። ይህን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የፊቱ ማነጣጠሪያ ዘምሞ ነበርና እሱንም በመዶሻ ቀስ እያልኩ መለስኩት።

ባለቤቴ ሰፍያ በሁለተኛው ቀን ከኩሽና ወጥታ እንሰቱን አየችና «አንተ ሰው፣ ከርሞ ቆጮ ስንፍቅ እርሳስ ልታበላን ነው?» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን አምስት ተኩሼ አምስቱም ቀዳዳ በአንድ ስሙኒ የሚሸፈን ሆነ። ሰፍያን ጠርቼ ስሙኒውን አስቀምጬ አሳየኋት። እውነቱን ልናገርና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በእጄ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ግራዝማች ግቢ ወሰድኩት። ከሃያ እርምጃ እንቁላል ተቀመጠ። ግራዝማች አነጣጠሩ፣ ተነፈሱ፣ ከዚያ ቃታውን ሊስቡ ሲሉ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጭፍን አድርገው ጠመንጃውን መንጭቀው ተኮሱ። እንቁላሉ ደህና ነው። ደገሙ፤ ጨፈኑ፤ መነጨቁ። አሁንም ደህና ነው።

«አበላሸኸው!» አሉኝ።

«ድምፁም ጠፍቷል» አለ ዱባለ፣ እያዘነ። «ድሮ እንዴት ይጮህ ነበር።»

ምን ልበል? ጌታዬ ዓይንዎን ይግለጡ ልበል? ጠመንጃውን ታቅፌ ቤቴ ተመለስኩና ለሰፍያ እንዳለ ነገርኳት። ሰፍያ ጥቂት አሰበች።

«ጠመንጃውን አቅንተኸዋል» አለችኝ። «ሰውየውን ማቅናት ትችላለህ?»

«በምን አቅሜ!»

«እንግዲያው ጠመንጃውን በሰውየው ልክ አድርገው። አንድ ትከሻው የወደቀ ሰው ሲመጣ ልብስ ሰፊው ምን ያደርጋል? ኮቱን አጣሞ ይሰፋለታል፤ ሰውየውም ለብሶት ቀጥ ያለ ይመስላል።»

ይህችን ሴት ያገባሁ ዕለት ሠርጉን አነስ አድርገን መደገሳችን አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ግራዝማች ዘንድ ሄጄ «ጌታዬ፣ ጠመንጃው እጅዎን ይልመድ፣ አሥር ጊዜ ብቻ ይተኩሱበት» ብዬ ትልቅ ወረቀት ሰቀልኩ። እሳቸው አሥሩንም ዓይናቸውን ጨፍነው ተኮሱ። ወረቀቱን ሳየው ዘጠኙ አንድ መዳፍ በማይሞላ ቦታ አርፈዋል፤ ካለሙበት አንድ ስንዝር ከጣት ወደ ቀኝ፣ ያንኑ ያህልም ወደ ታች። ለካ ሰውየው በስሕተታቸውም ቢሆን ቃላቸውን የሚያጥፉ አይደሉም።

ቤቴ ገብቼ ያን በስንት ድካም ያቃናሁትን ማነጣጠሪያ ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ በሊማም ሞረድኩና ዝቅ አደረግኩት። አሁን ጠመንጃው ለደህና ሰው ከእንቁላሉ በላይ ወደ ግራ ይስታል፤ ለግራዝማች ግን ይመታል። እጄ እምቢ እያለኝ ነው የሠራሁት። አባቴን እያሰብኩ ጨረስኩት።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ፣ እንግዶቹ ከአውራጃ መጡ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆመ። አባቴ ከእንሴኖ ማልዶ መጥቶ፣ ነጭ ቆቡን አድርጎ፣ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ቃሉ ሲፈጸም በዓይኑ ለማየት ነው የመጣው። እኔ ጠመንጃውን የማጎርስ ሆኜ ከግራዝማች ጎን ቆምኩ።

ግራዝማች አነጣጠሩ። ጨፈኑ። መነጨቁ። እንቁላሉ ፈረጠ! ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ሁለተኛውም ፈረጠ። ሦስተኛውን ሳቱ፤ ሕፃን ልጅ አልቅሶ ነው። አባቴን ዞር ብዬ ሳየው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አላህን ያመሰግናል።

ግራዝማች ላባቸውን ጠርገው ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«አምናም ይኸው ጠመንጃ ነበር» አሉ። «ዘንድሮም ይኸው ነው። የተለወጠው እጄ ነው። ልምምድ ነው!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ወገቤን ሰበር አድርጌ ጠጋ አልኳቸው።

«ጌታዬ፣ የአባቴ ነገር…»

«የምን ነገር?»

«ጠመንጃው ከመታ ባለበት ይቀመጣል ተብሎ ነበር።»

«ጠመንጃ ይመታል እንዴ?» ብለው ጮክ አሉ፣ እንግዶቹ እንዲሰሙ። «የሚመታው ሰው ነው!»

እንግዶቹ ሳቁ። ሲስቱ ጠመንጃው፣ ሲመቱ እጃቸው! ዱባለን ባየው መሬት መሬት ያያል። የግራዝማች ልብ ግን በእልልታው ሞቅ ብሎት ነበርና ቸርነት መጣባቸው።

«እሺ» አሉ። «ይህ ሰው የሚመታው ጠመንጃው ነው ይላል። እንግዲያው አባቱ ይተኩስ። ጠመንጃው ከመታለት መሬቱ ላይ ዕድሜውን በሙሉ ይኑር። በእንግዶቼ ፊት ቃሌ ነው። አንድ ጥይት!»

አባቴ እንደ ጎረምሳ ብድግ አለ። በወጣትነቱ ጠመንጃ ይዞ ያደገ ሰው ነው፤ ከዚያም ወዲህ ሠላሳ ዓመት ከበርበሬው ማሳ ወፍና ጦጣ በወንጭፍ ሲያባርር ኖሯል፤ ያለመውን አይስትም። ደስ ብሎት ነው የመጣው።

ጠመንጃውን አጉርሼ ሳቀብለው በቋንቋችን በጆሮው «አባ፣ እንቁላሉን አትይ። አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ፣ አንድ ስንዝር ወደ ታች አልም» አልኩት።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሰው ፊት መንሾካሾክ አይወድም፤ አሻጥር ይመስላል ብሎ ይሆናል፣ በአማርኛ ጮክ ብሎ መለሰልኝ።

«ለምን? አላቃናኸውም እንዴ?»

ቋንቋችንን የሚሰማው ዱባለ አንገቱን ቀና አደረገ። ግራዝማች ከዚያ ድንኳን ሥር ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። አላቃናሁትም ብል ታዲያ ግራዝማች በተጣመመ ጠመንጃ እንዴት መቱ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ያውቀዋል። መሬቱም ይሄዳል፣ እኔም እታሰራለሁ። አንድ ቃል ነበር የምናገረው፤ ፈራሁ።

«አቅንቼዋለሁ፣ አባ» አልኩ።

«እንግዲያው ምን ታወናብደኛለህ?» አለና ወደ እንግዶቹ ዞሮ በኩራት «ልጄ ያቃናው ጠመንጃ ነው!» አላቸው።

ቢስሚላህ ብሎ አነጣጠረ። አልጨፈነም፣ አልመነጨቀም፤ እኔ ሦስት ቀን የፈጀብኝን አያያዝ እሱ ማንም ሳይነግረው ለቀቅ አድርጎ ያዘው። ቃታውን በቀስታ ሳበ። እርሳሷ ከእንቁላሉ በላይ፣ አንድ ስንዝር ከጣት ወደ ግራ አልፋ ከኋላ ያለውን ቆርቆሮ ቋ አደረገችው። በዚያ ሜዳ በዚያን ቀን ከአባቴ የተሻለ የተኮሰ ሰው አልነበረም፤ ይህን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አይዞህ፣ ሽማግሌ፣ ዕድሜ ነው» አሉ ግራዝማች። «እንቁላሉን ስጡት። ደህና ነው፣ አልተነካም!»

ሕዝቡ ሳቀ። አባቴ እንቁላሉን ተቀብሎ ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ቆመ።

በኅዳር መጨረሻ በርበሬው ተለቀመ፤ ከዚያም አባቴ መሬቱን ለቀቀ። አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ስለ ግራዝማች ክፉ ቃል አይናገርም። «ዕድል ሰጥተውኝ ነበር፤ ዓይኔ ነው የከዳኝ» ይላል። ሰው በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይናገራል፤ ሰፍያ ስትሰማው እኔን አይታ ወደ ኩሽና ትገባለች። ስንት ጊዜ ልነግረው ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ። ብነግረው ዓይኑ ይመለስለታል፤ ልጁን ግን ያጣል።

ባለፈው ዓርብ ከአባቴ ጋር ከመስጊድ ስንመለስ መንገዱ ዳር ቆምን። እኔ ገና አቧራውን እንኳ ሳላይ «የእንሴኖው አውቶቡስ መጣ፤ ጣራው ላይ ሁለት ፍየል ጭኗል» አለኝ። ቆይቶ አውቶቡሱ መጣ፤ ሁለት ፍየል። ካለፈ በኋላ አባቴ እጁን ዘረጋልኝ።

«ያዘኝና አሻግረኝ፣ ልጄ» አለኝ። «አያይም እኮ ይህ ዓይኔ።»

እጁን ይዤ አሻገርኩት።