ከድንኳኑ አሥር እርምጃ

«በቃ? ይኼው ነው?» አለ መምህር ምስጋና፣ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

ሰሌዳው ፊት የቆመችው ተማሪ ትዝታ አልደነገጠችም። የተሰጣት ሥራ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ በንግግር ጥበብ ዓይን መተንተን ነበር።

«አንድ ይቀረኛል፣ መምህር። ካህኑም ሌዋዊውም የቆሰለውን ሰው አይተው አለፉ ይላል። ለምን እንዳለፉ ግን አይናገርም። ፈርተው ይሆናል፤ ቸኩለውም ይሆናል። ምክንያታቸው ቢነገረን እናዝንላቸው ነበር። ተናጋሪው ሆነ ብሎ ነው ምክንያት የነፈጋቸው።»

ምስጋና «ጥሩ ነው፣ ተቀመጪ» አለና ክፍሉን ከሰዓቱ በፊት በተነ።

ከሆሳዕና ወደ ደብረ ታቦር ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። እትዬ በለጠች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከአምስት ሳምንት በፊት የሴትዮዋ ወንድም ጉና ተራራ አካባቢ ዐርፈው ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተጣለ። ከምስጋና በር እስከ ድንኳኑ አሥር እርምጃ አይሞላም። እሱ ግን ሦስቱን ቀን በጓሮ በር ሲወጣና ሲገባ ሰነበተ። ምክንያት መቼ አጣ! ፈተና ያርማል፣ ሟቹን አያውቃቸውም፣ ሰው መሀል ገብቶ ምን እንደሚል ግራ ገብቶታል። ለቅሶ መቅረት እሱ ባደገበትም ነውር መሆኑን አላጣውም። ድንኳኑ ሲነሣ ደግሞ አፈረ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ በለጠች «እንዴት አደርክ» ማለቱን ተዉ። ለበዓል ድፎ ዳቦ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲደርስ የእሱ በር ታለፈ። ብቻውን መብላት የለመደው ነው፤ እየታየ መታለፉን ግን አልቻለውም።

ግቢው ሲደርስ ወደ ክፍሉ አልሄደም፤ የእትዬ በለጠች ደጃፍ ላይ ቆመ። እሳቸው ጥቁር እንደለበሱ ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ እግዜር ያጽናዎት።»

ቀና ብለው አዩት። «ያን ሰሞን አሞህ ነበር መሰለኝ» አሉ።

አዎ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሳቸውም ይህንን አውቀው ነው የጠየቁት።

«አላመመኝም» አለ። «ቤት ነበርኩ።»

«ልቅሶውን እየሰማህ?»

«እየሰማሁ።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። ግባም ውጣም አላሉትም። ምስጋና ጫማውን ደጃፉ ላይ አወለቀና ገብቶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አላቸው።