የአልታየች ጠበል

«ጠዋት ሲነሣ የመጀመሪያዋን መለኪያ የሚሰጠው ማነው?»

ወይዘሮ በሰለች ስለ ልጇ ይህን ስትጠይቃት አልታየች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ ወደ በሩ ዞር ብላ፣ «የሰፈር ሰው ምኑ ይታወቃል፣ እትዬ» አለች።

በሰለች የአንኮበር ሴት ናት፤ እንጀራዋም ሰካራም መመለስ ነው። ባሏ በየአረቄ ቤቱ የቀረባት፣ ወንድሟ የጠፋባት ሁሉ በቅሎ ይልክላታል። መጥታ ቤተሰቡን ትሰበስባለች፤ ሰውየው እሺ ሲል ከቤቷ በታች ወዳለው ጠበል ይዛው ትወርዳለች። ዋጋዋ አንድ በግ ነው፤ ሰውየው ካልተመለሰ በጉ ይመለሳል። አልታየች ዝናዋን የሰማችው ማታ ማታ ፊደል ከምትማርበት ቤት፣ አጠገቧ ከምትቀመጠው ከአስካለማርያም ነበር። «የኔን ጉድ እንዴት አድርጋ እንዳቀናችው ብታዪ!» ብላ አስካለማርያም ስትምልላት፣ አልታየች በግ ፍለጋ ወጣች።

ልጇ አበባው ባና የሚሉትን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠራ ሸማኔ ነው። እጁ ካልተንቀጠቀጠ በደብረ ብርሃን የሚወዳደረው የለም። የነፍስ አባቱ አባ ገብረመንፈስቅዱስ፣ የአረቄ ቤት ደጃፍ እንዳይረግጥ ገዝተውት ነበር። አበባው ግዝቱን አክብሯል፤ ደጃፉን ሳይረግጥ ከጓሮ ቆሞ በመስኮት ይቀበል ጀመር። በታኅሣሥ ግን በሬሳ ከተባለው ወንዝ ዳር ወድቆ፣ ጋቢው በውርጭ ደርቆ እንደ ቆዳ ሲንኳኳ አገኙት። አልታየች ከዚያ ወዲህ የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላ እንዲህ ያለ አዳር፣ ከዚያም ለቅሶ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤቷ ተሰበሰቡ፦ አባ፣ ወንድሟ ገብረ ሕይወት፣ በሰለችና አበባው። አበባው ያን ጠዋት ጠብታ እንዳይቀምስ በሰለች አዝዛ ነበርና፣ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ጥግ ይዟል።

«የሚያለቅስ ወደ ውጭ፤ የሚራገም ወደ ውጭ» አለች በሰለች። «ሁላችሁም ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ከዛሬ ጀምሮ የማታደርጉለትን ደግሞ አንድ ነገር ትነግሩታላችሁ። ጋን በጠጠር ይደገፋል። የዚህን ቤት ጋን የደገፈው ጠጠር ማን እንደሆነ ሳናውቅ ብንለምነው ከንቱ ነው።»

«ጠጠሩማ ዘመኑ ነው!» አለ ገብረ ሕይወት።

«ዘመን መለኪያ አይቀዳም፤ ሰው ነው የምፈልገው።»

አባ ጉንፋን በዘጋው አፍንጫቸው፣ «በጸሎት እንጀምር። ጠበል አለ?» አሉ።

አልታየች ከመነሣቷ በፊት ገብረ ሕይወት እጁን ከመደቡ ሥር ሰዶ አንድ ጠርሙስ አወጣ። «ይኸው! እኅቴ ጠበል አጥታ አታውቅም።»

አልታየች አረቄ ስትገዛ ጎረቤት እንዳያያት፣ ድሮ ጠበል ትቀዳበት የነበረውን ጠርሙስ ነበር የምታስሞላው። በነጠላዋ ሸፍና ስታልፍ የሰፈሩ ሴቶች፣ «በረከቱ ይድረሰን» እያሉ ጎንበስ ይሉላት ነበር።

«እሱ… እሱ የቆየ ነው፣ አባ» አለች።

«ጠበል አያረጅም፣ ልጄ» ብለው ቡሹን ነቀሉ። ደገሙበትና መርጨት ጀመሩ። መጀመሪያ አበባው ላይ አረፈ። አበባው ቀና አለ፤ ከንፈሩን ላሰ፤ እናቱን አያት። እሷ ጣራውን አየች።

«ዓይኔን! ዓይኔን!» አለ ገብረ ሕይወት። «ያቃጥላል! ሰይጣኑ ሊወጣ ነው መሰል!»

አባ በመዳፉ ጠብ አደረጉለት። ጠጣና ዓይኑን ጨፈነ። «ይህ ጠበል ከየት ነው የተቀዳው፣ አባ? ጉልበት አለው! እስቲ ይድገሙኝ፤ ወገቤን ያመኛል።»

ደገሙት። ሲሠልሱት አሜን አለ። በሰለች በመዳፏ ተቀብላ አሸተተች፤ ሳትቀምስ መሬት ላይ አራገፈችው። በመጨረሻ አባ ራሳቸው ጎንጨት አሉ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ሳል አጣደፋቸው፤ ጉንፋናቸውም በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ጠርሙሱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«በስመ አብ!»

አበባው በሳቅ ፈነዳ። «አባ፣ እርስዎ የገዘቱኝ ደጃፍ እንዳልረግጥ ነው። ቤቴ ድረስ ተደግሞበት ሲመጣብኝ ምን ላድርግ?»

በሰለች አልሳቀችም። «አልታየች፣ ያ የጠየቅኩሽ ነገርስ?»

«እኔ ነኝ» አለች አልታየች። «እጁ ሲንቀጠቀጥ መወርወሪያው ይወድቅበታል። አንዲት መለኪያ ስሰጠው ቀጥ ይላል። ሥራውን ይሥራ፣ ደጅ ከሚጠጣ ቤቱ ይሻለዋል ብዬ ነው።»

የአበባው ሳቅ ቆመ። «እማዬ፣ መንገድ የምታስጀምረኝ እኮ ያቺ አንዷ ናት። እንዳልነግርሽ ደግሞ እወዳታለሁ።»

«ከዛሬ የማታደርጊውን ንገሪው» አለች በሰለች።

«አላጠጣውም።»

«ሲንቀጠቀጥ እያየሽ?»

አልታየች ጋቢው ውስጥ ወደተደበቁት እጆቹ አየች። «አልችልም» አለች።

«አሁን እውነት ተናገርሽ። እንግዲያስ አንቺ ትቀሪያለሽ፤ እሱ ከኔ ጋር ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክፉ ናቸው። ይለምናል፣ ይሳደባል፣ እናቴን ጥሩልኝ ይላል። እኔ እናቱ ስላልሆንኩ እችለዋለሁ። አንተስ፣ ትወርዳለህ?»

አበባው የሚንቀጠቀጥ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጠርሙሱን ከአባ ተቀበለ። ደጅ ወጥቶ ደፋውና ባዶውን ለእናቱ አስያዛት።

«የእውነቱን ቅጂበት» አላት። «ስመለስ እጠጣዋለሁ።»

በማግስቱ በቅሎው ተጭኖ ሊነሡ ሲሉ ገብረ ሕይወት ስልቻውን አንጠልጥሎ ከተፍ አለ።

«እኔም ልውረድ» አለ። «ለወገቤ ነው።»

በሰለች ከላይ እስከ ታች አየችው። «አንተንስ ጠዋት ጠዋት የሚሰጥህ ማነው?»

ገብረ ሕይወት ወደ አጥሩ ዞር አለ። «የሰፈር ሰው ምኑ ይታወቃል!»

አበባውና አጎቱ ከበሰለች ጋር የአንኮበርን መንገድ ይዘው ሄዱ፤ በጉም ከኋላ ተከተለ። አልታየች ባዶ ጠርሙሷን እንደያዘች ደጇ ላይ ቀረች።