ጋሼ ዳኜና የመዳቡ ጥይት

ጋሼ ዳኜ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት ጀርባ የደንበኞችን መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሚስትም ልጅም የላቸውም። በየጥቅምቱ ግን ተራራ ወጥተው አጋዘን ያድናሉ። ሥጋውን ፈጭተው በትንንሽ ፌስታል የሚቋጥሩት ለአቢጋኤል ነበር፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ለምታበስለው ለአምሳለ የሁለት ዓመት ልጅ።

በየካቲት ልጅቷ ብለድ ቴስት ሲደረግላት ደሟ ውስጥ መርዛማው ብረት፣ እርሳስ ተገኘ። ከጤና ቢሮ የመጣች ሴት አፓርታማቸውን መረመረች፤ ቀለሙን፣ ቧንቧውን፣ ድስቱን ሁሉ። ምንም የለም። በመጨረሻ ፍሪዘሩን ከፈተች። ሥጋው ተወስዶ ሲታይ የእርሳስ ብናኝ ተገኘበት።

አምሳለ ፓርኪንጉ ድረስ ሄዳ ነገረቻቸው። አልጮኸችም።

«ጋሼ ዳኜ፣ በምንድነው የሚተኩሱት?»

«በድሮው ጥይት ነዋ። የተረፈ ካርቶን ነበረኝ።»

«በእርሳስ ማደን ክልክል ነው አሉኝ እኮ!»

እሳቸውም ያውቃሉ። አዳኝ ጥሎት የሚሄደውን የአጋዘን ሆድ ዕቃ በልቶ አሞራ እንዳይመረዝ የወጣ ስለሆነ «ለአሞራ ብለው ያወጡት ሕግ» እያሉ ሲስቁበት ነው የኖሩት።

«የቆሰለውን ቦታ ቆርጬ ጥያለሁ፣ ልጄ» አሉ።

በሳምንቱ በርባንክ ከተማ ውስጥ ወዳለ የጠመንጃ ሱቅ ሄዱ። ሻጩ አስረዳቸው፦ እርሳስ ሥጋ ሲመታ ይበተናል፤ ብናኙ ከቁስሉ ርቆ ይሄዳል። መዳብ ግን ጫፉ ይከፈታል እንጂ አይፈረካከስም።

«ቀለል ያለውን ጥይት ይውሰዱ፤ መዳብ እንዲከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። ከሩቅም አይተኩሱ» አላቸው።

አሮጌው ጠመንጃ አዲሱን ጥይት አልለመደም። ሁለት ዓይነት ሞክረው ኢላማውን ሳቱ፤ ሦስተኛው ተስማማው። ጥቅምት ሲደርስ አጋዘኑ መቶ እርምጃ እስኪቀርብ ጠብቀው አንዴ ተኮሱ። ሲበልቱት አረሩን ቆዳው ሥር ሳይሰበር አገኙት። አጥበው ከሥጋው ጋር ለአምሳለ ወሰዱላት።

«ይኸው፣ ቅንጣት አልጎደለውም» አሉ።

አምሳለ መዳቡን አገላብጣ አየችው። «አምንዎታለሁ፣ ጋሼ። ለልጄ ለመስጠት ግን እጄ አይሄድልኝም።»

አቢጋኤል ከኋላዋ ብቅ አለች። የደሟ እርሳስ ቀንሷል፤ እኩዮቿ ግን ሲያወሩ እሷ ገና «እ፣ እ» ነው የምትለው። ከመርዙ ይሁን ከሌላ፣ ሐኪሞቹ እርግጠኛ አይደሉም። እጇን ዘረጋችላቸው። ጋሼ ዳኜ የእናቲቱን ፊት አዩ። አምሳለ በእሺታ ራሷን ስትነቀንቅላቸው ልጅቷን አቀፏት፤ እንባቸው ፀጉሯ ላይ ወረደ።

ሥጋውን መልሰው ወሰዱት። ብቻቸውን ሊበሉት ሞክረው አልዋጥላቸው አለ። ከዚያ ወዲህ አላደኑም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አቢጋኤልን ንግግር ወደምትለማመድበት ስፒች ቴራፒ ድራይቭ አድርገው የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው። አምሳለ «ይግቡና አብረን እንጠብቅ» ትላቸዋለች። እሳቸው ግን እምቢ ብለው መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ። ልጅቷ ከቃል ጋር ስትታገል መስማት አይችሉም።