ከበሩ እስከ ማሳዬ

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ደቂቃ» ይለዋል። የመስኖው ቦይ በር ጠባቂ ነው። ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰዓቱን እያየ ይከፍታል፣ ሰዓቱን እያየ ይዘጋል። በአስራ አንድ ዓመት አንዲት ደቂቃ አላዛነፈም ይባላል። እኔም እኮራበት ነበር።

ማሳዬ የቦዩ ጭራ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ገበሬ በሳምንት ሦስት ሰዓት ውሃ ይደርሰዋል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን በሩ ከተከፈተ ጀምሮ ነው። ደንቡ ሲወጣ ቦዩ ደርቆ አያውቅም ነበር። በሩ ሲከፈት ውሃ ውሃን እየገፋ በግማሽ ሰዓት እኔ ጋ ይደርስ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ዝናቡ መምጫውን ሳተ፤ ወንዙ ኮሰሰ። በሩ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፈታል፤ በመሃል ቦዩ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ተረኛ እኔ ነኝ። የእኔ ውሃ የሁሉንም ቦይ አርጥቦ ያልቃል፤ ከእኔ በኋላ ያሉት በረጠበ ቦይ ይቀበላሉ።

በገበሬዎች ስብሰባ ላይ የመስኖ ቢሮው ኃላፊ «የአየር ንብረት ለውጥ ማንንም አይመርጥም፤ ሁላችንም እኩል ተጎድተናል» አለ።

«እኩል ከሆነ ተራ እንቀያየር» አልኩ።

በሩ አጠገብ የሚያርሰው ባለ ቲማቲም «ጭራ መቼም መወዛወዝ አይሰለቸውም» አለ። ቤቱ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። እሱን አልረሳለትም።

ሽንኩርቴ ራስ መቋጠር ጀምሯል። በዚህ ሳምንት ካልጠጣ እንደ ብይ ሆኖ ይቀራል። እሁድ ወንድሜ ቤት ሄድኩ።

«ነገ በሩን ከከፈትክ በኋላ ከውሃው ጋር ተራመድ።»

«በሩን ማን ይጠብቃል?»

«በሩ እግር የለውም፣ የትም አይሄድ።»

«እትዬ፣ ለሁሉም ሦስት ሰዓት ነው። ለእህቴ ብዬ ብጨምር ሰው ምን ይለኛል?»

«ጨምርልኝ አልኩህ? ተራመድ ነው ያልኩህ።»

ሰኞ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ከፈተ። ተራመድን። ውሃው ገለባና አረፋ እየገፋ ይመጣና ስንጥቅ ሲያገኝ ይቆማል። ስንጥቁ እስኪጠግብ እኛም እንቆማለን። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ያወራ ነበር። የቦዩ አጋማሽ ላይ ካለው ድልድይ በታች ግን ሰዓቱን ማየት አበዛ፤ ሰዓቱ የዋሸው ይመስል አንዴ ጆሮው ላይ አስጠጋው።

ማሳዬ የደረሰው ውሃ የክንዴን ውፍረት አያህልም።

«ስንት ሆነ?» አልኩት።

«ሦስት ከሃያ። አርባ ደቂቃ ቀር...» ብሎ ዋጠው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አልኩ፣ «ሰዓት እያከበርክ ዘረፍከኝ።»

ቦዩ ዳር ተቀምጦ ውሃው የሽንኩርቱ መስመር ውስጥ ሲገባ ያይ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የባለ ቲማቲሙ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ደቂቃ፣ የት ጠፋህ? ተራዬ ደርሷል እኮ።»

«አልደረሰም። የእሷ ሰዓት የጀመረው ሦስት ከሃያ ላይ ነው።»

«ደንቡ ከበሩ ነው የሚለው።»

«በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ። ደንቡ አልሄደም።»

«ለእህትህ ብለህ ነው!»

ወንድሜ ፊቱ ቀላ። አስራ አንድ ዓመት የፈራት ቃል ይቺ ናት።

«እንግዲያው ክሰሰኝ» አለ። «ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ስድስት ከሃያ ላይ እዘጋለሁ፤ አንዲት ደቂቃ አላሳልፍም።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። ምስጋና የሚጠብቅ መሰለኝ። የወሰደውን የመለሰ ሰው አይመሰገንም። ዶማውን ሰጠሁት።

«ጫማህን አውልቅና ያንን መስመር ክፈት።»

«ከሥራ ያባርሩኛል፣ እትዬ።»

«ያባርሩህ ይሆናል» አልኩት። «እስከ ስድስት ከሃያ ግን የበሩ ጠባቂ አንተ ነህ። ቆፍር።»